የዙልማሮች ምስክር

ሙሐሲን በኩላሊት ሕመም ሲሞት ዲግሪም ልጅም አልተወም። «ዕድሜውን ጌም ቤት የጨረሰ» የሚለው የሰፈሩ ሰው ለቅሶው ላይ እንኳ ምላሱን አልያዘም። የተወው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ማንም ሰው በሚጽፍበት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ ዙልማሮች በእንግሊዝኛ የጻፈው። ዙልማሮች እሱ በሚወደው ጌም ውስጥ ያሉ፣ ተራራ ላይ የሚኖሩ የፈጠራ ዘር ናቸው። እናቱ ወይዘሮ ኩልሱም ፊደሉን ባይለዩትም ቅዳሜ ቅዳሜ ካዛንቺስ፣ ካሳይ ኢንተርኔት ቤት እየሄዱ ገጹን ያስከፍቱና ትክ ብለው ያዩታል። ልጃቸው በዓለም ላይ እንዳለ የሚሰማቸው ያኔ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት ገጹ አናት ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ።

«ምን ይላል?» አለች እህቱ ሀምዲያ።

«ሶርስ የለውም ነው የሚሉት» አላት የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ካሳይ። «በሳምንት ውስጥ ታማኝ ማስረጃ ካልመጣ፣ በቃ፣ ዲሊት ያደርጉታል። ፕሪንት ላውጣልሽ?»

«ሟርተኛ! እናድነዋለን።»

ፈለጉ። ያገኙት የተጫዋቾች ወሬና የጌሙ ኩባንያ ስለ ራሱ ዕቃ የጻፈውን ነው፤ የኢንሳይክሎፒዲያው አዘጋጆች ሁለቱንም አልተቀበሉም። የሚፈልጉት ከጌሙ ውጭ ያለ ሰው ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ላይ የጻፈውን ነበር። ሀምዲያ ሜክሲኮ አሮጌ መጽሔት የሚሸጡትን ሁሉ አገላበጠች። ስለ ኳስ ሞልቷል፣ ስለ ፍቅር ሞልቷል፤ ስለ ዙልማር ማን ደንታ አለው!

ሲጨንቃት የምታውቀውን አደረገች። አባቷ የልደት ማስረጃ ያጡ ጊዜ ቀበሌው ያመናቸው በሦስት ምስክር አልነበር? የእድሩን ጸሐፊ ጋሽ ምንዳዬንና ሁለት ጎረቤቶችን ለመነች።

«ዙልማሮች የየት አገር ሰዎች ናቸው?» አሉ ጋሽ ምንዳዬ ብዕራቸውን ይዘው።

«የሉም ጋሼ። ማለቴ፣ ጌም ላይ ነው ያሉት።»

«ይሁን። ሙሐሲን ካለ ልክ ነው።»

ሟች ውሸት የማያውቅ ልጅ እንደነበረ፣ የጻፈውም እውነት መሆኑን መስክረው ፈረሙ። የእድሩ ማኅተም ግጥም ተደርጎ ተመታበት። ካሳይ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል የሀምዲያን ፊት አየና ዋጠው፤ ተርጉሞ ላከላት።

መልሱ ትሕትና የተሞላበት ነበር፤ ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። ሐዘናቸውን ገለጹ። የወንድሟን ታማኝነት ማንም እንዳልተጠራጠረ ነገሯት። ጥያቄያቸው ከእሱ ሌላ ስለ ዙልማሮች የጻፈ ሰው አለ ወይ ነው። አልነበረም። ሀምዲያ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች፤ ፕሪንት ማስወጣቱም ከሐሳቧ ጠፋ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ኩልሱም እንደ ልማዳቸው መጥተው ተቀመጡ።

«ምነው ባዶ ሆነ? ምን ይላል?»

ካሳይ ሀምዲያን አየ። እሷም መዋሸት አቃታት።

«በዚህ ስም የተጻፈ ነገር የለም፤ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉ ይላል፣ እማ።»

«እኮ ጻፊዋ!» አሉ እናቷ ከወንበሩ እየተነሡላት። «አንቺ ተምረሻል። ሲያወራሽ አልነበር እንዴ?»

ሀምዲያ ተቀምጣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች። ሙሐሲን ወሬውን በጀመረ ቁጥር «ኧረ በናትህ ተወኝ!» ብላው ነበር የምትወጣው። እናቷ ከኋላዋ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ።

«ቆይ እማ» አለች። «እያሰብኩ ነው።»