በእግር የሚሄደው አውቶብስ

አባዬ አውቶብስ መንዳት ካቆመ ቆይቷል፤ እግሩ ግን ጡረታ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል ኮቱን ይለብሳል፣ የልጅ ልጁን በአሮጌ አንሶላ ጠፍሮ ያዝላታል፣ ከዚያ ድሮ ይነዳበት በነበረው መስመር በእግሩ ጉዞ ይጀምራል። በየፌርማታው ይቆማል። ሰው ኖረም አልኖረም ይቆማል።

ለትምህርት ከሄድኩበት አገር ከተመለስኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። ካርታ የሚነደፍበት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ሰኞ ሥራ ልጀምር ነው። ልጄ ገና መራመድ መጀመሯ ነው፤ የት እንደምትውል ግን አልተቆረጠም። አባዬ እሱ ዘንድ እንድትውል ቋምጧል፤ በአፉ አልጠየቀኝም፣ ብቻ ጠዋት ጠዋት ቀድሞኝ ተነስቶ ወተቷን ያሞቃል። እኔ ግን እሺ አላልኩትም። ዕድሜው ገፍቷል፣ ሲጠሩት በሁለተኛው ነው የሚሰማው። በተማርኩበት አገር ልጅ የሚይዝ ሰው ሠልጥኖ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። አባዬ ያለው መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው። አላምንህም ልለው አልቻልኩም፤ አምንሃለሁም አላልኩት። ዓርብ ዕለት አብሬህ ልሂድ አልኩት።

ደስ አለው። “ተሳፋሪ ከሆንሽ ግን ሹፌር ማናገር ክልክል ነው” አለኝ።

የመጀመሪያው ፌርማታ ፀጉር ቤቱ ደጅ ነው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለና ድንቡሼ የሚሉትን ልጁን ወደ እኛ ገፋ አደረገው። ድንቡሼ የአባዬን ኮት ጫፍ ያዘ። ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋ መንትዮች ተሳፈሩ፤ አንዷ ሁልጊዜ በግራ ሌላዋ በቀኝ ስለሚሄዱ ሰፈሩ ግራና ቀኝ ይላቸዋል። የኋላው የፊተኛውን ልብስ እየያዘ ሰልፉ ረዘመ። ልጄ ከአባዬ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ ሁሉንም በየተራ ስለምታፈጥባቸው፣ አባዬ ተቆጣጣሪዋ ይላታል። “ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መሐሉ ባዶ ነው” ይላል ዞር ሳይል። ልጆቹ ይጠጋጋሉ።

እኔም በዚሁ መስመር ነው ያደግሁት። እማዬ ነፍሷን ይማርና ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ ትሠራ ነበር። ቀን እንቅልፍ እንድታገኝ አባዬ በዕረፍቱ ቀን እኔንና ያገኘውን የጎረቤት ልጅ ሰብስቦ ይወጣል። የመስመሩ መጨረሻ ላይ የውሃ ታንከር የቆመበት ሜዳ ነበር። ታንከሩ ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ያለው ሣር ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። ጫማ አውልቀን ጭቃውን ስንረግጥ እንውላለን። ልንመለስ ስንል አባዬ አንድ በአንድ እያነሳ እግራችንን ከቧንቧው ሥር ያጥበናል፤ ውሃው አጥንት ይሰብራል፣ መሪ ያሻከረው መዳፉ ግን ይሞቃል። ኋላ በሄድኩበት አገር፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ሆኜ ቤታችን ሲናፍቀኝ ትዝ የሚለኝ ቤቱ አልነበረም። ያ የእግር ብርድ ነበር።

ሜዳው ዛሬ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል። የተረፈው ግማሽ ለልጆቹ በቂያቸው ነው። አባዬ ልጄን አውርዶ ሣሩ ላይ አቆማት። በባዶ እግሯ ከምንጣፍ ውጪ ረግጣ አታውቅም፤ አንድ እግሯን እንደ ዶሮ አጥፋ ከንፈሯን ጣለች። ላነሳት ስንደረደር አባዬ ቀስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀና አጠገቧ ቆመ። የእግሩን ጣቶች አየቻቸው። እሱም አወዛወዘላት። ያጠፈችውን እግር አወረደችና ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ያኔ እሺ ልለው ነበር። ለማታ ብዬ አቆየሁት።

ስንመለስ መድኃኒት ቤቱ ጋ ሰው ተሰብስቧል። አንዲት ሴት ፀጉሯ ተበትኖ፣ አንድ እግሯ ጫማ ሳያደርግ ትንሰቀሰቃለች። እኛን ስታይ ጮኸችና ከሰልፉ ጭራ ላይ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ልጅ ነጥቃ አቀፈች። እሷ መድኃኒት ስትገዛ ልጁ ደጅ ፌርማታው ላይ ቆሞ ኖሯል። ስንሄድ አባዬ እዚያ ቆመ፣ ልጁም ተሳፈረ። አባዬ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው አልፎ አያውቅም። ልጁን ሜዳው ላይ እኔም አይቼዋለሁ፤ ከሰፈሩ ልጆች አንዱ መስሎኛል። አባዬ ደግሞ እኔ ያመጣሁት መስሎታል። እናቱ ስታጣው መኪና እንዳይገጨው ብላ ወደ ዋናው መንገድ ነበር የሮጠችው።

“እኔ እዚህ ነፍሴ ሊወጣ፣ እርስዎ ልጄን ሽርሽር ይዘውት ይዞራሉ?” አለችው። ሌላም ብዙ አለችው። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ምክንያት አልደረደረም። የቀሩትን ልጆች ለየእናት አባታቸው አስረከበና እቤት ስንደርስ ልጄን ከጀርባው ፈትቶ አቀበለኝ።

“ሰኞ ሌላ ሰው ፈልጊ” አለኝ። “ያን ሁሉ ዘመን ስነዳ ሰው ቆጥሬ አላውቅም። መቁጠር የረዳቱ ሥራ ነበር። እኔ ፊት ፊቴን ነው የማየው።”

እምቢ ለማለት ምክንያት ስፈልግ ነው የከረምኩት። አሁን እሱ ራሱ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ፤ እኔ ግን አልፈለግሁትም።

ቅዳሜ አባዬ ከክፍሉ አልወጣም። ሰዓቱ ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ ድንቡሼን ይዞ መጣና አውቶብሱ ተበላሸ ወይ ሲል ጠየቀኝ። ግራና ቀኝ ፌርማታው ላይ ተቀምጠዋል፣ እዚያም አንዷ በግራ ናት።  ልጄን አቅፌ መድኃኒት ቤት ሄድኩና የዚያችን ሴት ቤት ጠይቄ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ደረጃውን ወጣሁ።

በሩን የከፈተችልኝ በእንቅልፍ እጦት ባበጠ ዓይን ነው። ሆስፒታል ሌሊት ሌሊት ልብስ ታጥባለች፤ ሰፈሩ ከገባች ወር አልሆናትም፣ ሰው አታውቅም። ይቅርታዬን ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። ልጇ ከትናንት ጀምሮ ቀሚሷን ከኋላ ይዞ ክፍሉን ሲያዞራት እንዳመሸና እንደዋለ ነገረችኝ። እዚህ ከመጡ ወዲህ እንዲህ ለፍልፎ አያውቅም አለች። ከዚያ አባቴ ያን ሁሉ ልጅ ብቻቸውን ነው ወይ የሚመሩት ብላ ጠየቀችኝ።

ብቻውን ነው አልኳት።

“ጉድ ነው። እኔ እኮ ከሰዓት ነቅቼ ነው የምቀመጠው።”

ከኋላ ሆነሽ ትቆጥሪልናለሽ ወይ ብዬ ለመንኳት። ለልጄ ስል ሰው ስለምን የመጀመሪያዬ ነው። ለልጄ ብቻም አልነበረም።

ስመለስ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

“ተነስ፣ ረዳት ተገኝቷል” አልኩት።

“ማን?”

“ትናንት ስትሰድብህ የነበረችው።”

ወደ እኔ ዞረ። “እሷማ ምላስ አላት” አለ። “ጥሩ ነው። ምላስ የሌለው ረዳት ምን ይሠራል።” ተነስቶ ጫማውን በእግሩ መፈለግ ጀመረ፤ ከዚያ መፈለጉን ተወና ቀና ብሎ አየኝ። “ሰኞስ?”

“ሰኞ አንተ ጋ ትውላለች።”

 ጫማውን ሲያስር ገመዱን ሁለቴ ሳተው።

ሰኞ ከቤት ስወጣ ልጄ አላለቀሰችም፤ እንባ የዋጥኩት እኔ ነበርኩ። በአዲሱ ጠረጴዛዬ ላይ የከተማዋ ካርታ ተዘርግቷል። አለቃዬ ስለ ሥራው ሲያስረዱኝ ከሰዓት በኋላ ሆነ። አባዬ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ስልኬን አወጣሁ፣ መለስኩት፣ ደግሜ አወጣሁት። የሚነዳ ሹፌር ስልክ አያነሳም። አለቃዬ ያሳዩኝ ወደነበረው መንገድ ጎንበስ አልኩ፤ ዓይኔ ግን በካርታው ላይ ከፀጉር ቤቱ ተነስቶ ቀስ እያለ፣ በየፌርማታው እየቆመ ሽቅብ ይሄድ ነበር።