አምስት ቡድን፣ አንድ ቁጥር

«የቆመው የግራው ሊፍት ነው። የቀኙን ምን አደረጋችሁት ነው እኔ የምለው» ይላሉ የአንደኛ ፎቁ ጡረተኛ፣ ከሥራ ተመልሼ የሕንፃችን መግቢያ ላይ ስደርስ። ፊታቸው ሦስት ወጣቶች ላፕቶፕ ታቅፈው ቆመዋል።

«አባባ፣ እኛ ሊፍት ጠጋኞች አይደለንም» አለች ከመካከላቸው ረጅሟ።

«ታዲያ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

«ሰው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ልንለካ ነው።»

ጡረተኛው ትንሽ አሰብ አደረጉ። «መጠበቁንማ እኛም እንችልበታለን» አሉና ወደ ደረጃው ዞሩ።

«የጎረቤቴ ተማሪዎች ናቸው፤ አይቀየሟቸው» አልኳቸው ከኋላ። የሰሙኝም አይመስለኝም።

ጎረቤቴ ያልኩት በሬ ፊት ለፊት ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚያስተምር ሰው ነው። ረጋ ያለ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘ ግን ሞቶ አይለቅም። ያን ጊዜ የያዘው የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቹን ምርምር ማስጀመር ነበር።

«ፕሮግራም መጻፉን ይችሉበታል እትዬ» አለኝ አንድ ቀን ደረጃውን አብረን እያለከለክን ስንወጣ። «መጠየቅ ነው ያቃታቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያውቋት ጥያቄ አንዲት ናት፤ ‹ፈተና ላይ ይወጣል?›»

«አንተስ ምን ብለህ ጠየቅካቸው?»

«ባዶው ሊፍት የት ፎቅ ላይ ቆሞ ቢጠብቅ ይሻላል? አልኳቸው። መልሱን እኔም አላውቀውም።»

መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ የሚጠይቅ አስተማሪ ያን ቀን አየሁ። በእኛ ጊዜ አስተማሪው መልሱ ሲጠፋበት የሚገረፈው ተማሪው ነበር።

ዘዴው ሲሙሌሽን ይባላል። እንዳስረዳኝ ከሆነ ሕንፃውንም፣ ሊፍቱንም፣ ሰዉንም ኮምፒዩተር ውስጥ ከትቶ፣ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ማስኬድ ነው። ባለቤቴ ይሄን ያለ ኮምፒዩተር ሲሠራው ኖሯል አልኩት። ሳቀልኝ። ሰው መቼ መጥቶ ሊፍቱን እንደሚጠራ ኮምፒዩተሩ ዕጣ እየጣለ ይወስናል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በሄደ ቁጥር ውጤቱ ከፍ ዝቅ ይላል። «ትምህርቱ ያለው ከፍ ዝቅታው ላይ ነው» አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ። ስለ ሊፍት እያወራ ዓይኑ የሚያበራ ሰው ሌላ አላውቅም።

ኮርሱ ግን በቋፍ ላይ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፈተና የሌለው ኮርስ አይወዱም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ሲያቀርቡ አይተው ይቀጥል ወይም ይዘጋ ሊሉ ነው።

«ከተዘጋበት ያው ሰሌዳ ማስገልበጡ ላይ ሊመለስ ነው» አሉኝ እናቱ። «ልጄ እዚያ ኮሌጅ ነፍስ ያለው በዚህች ኮርስ ነው።» ቀጥለው ደግሞ፣ «ለሊፍቱ ያሰበውን ግማሹን ለአንዲት ሴት ቢያስብ ኖሮ፣ እኔም ይሄኔ የልጅ ልጅ አቅፌ ነበር» አሉ።

የማቅረቢያው ዕለት እኔንም ይዞኝ ሄደ። ልጆቹ እውነትም መግቢያችን ላይ ቆመው ሲለኩ መክረማቸውን የሚመሰክር ሰው ኃላፊው ፈልገው ነበር። ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ ኋላ ተቀመጥኩ። መጋረጃው በአንድ ጎኑ ወልቆ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስለምትወርድ፣ አንድ ተማሪ እየተነሳ በጀርባው ይከልላታል።

የመጀመሪያው ቡድን ልጅ ፈጠን ፈጠን ብሎ ተናገረ። ከሁሉ የሚሻለው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ባዶው ሊፍት እዚያ ቢቆም፣ አንድ ሰው በአማካይ አርባ ሰባት ነጥብ ሦስት ስምንት ሰከንድ ይጠብቃል። ጎረቤቴ ፈገግ ብሎ ጻፈ።

ሁለተኛው ቡድን ተነሳ። አርባ ሰባት ነጥብ ሦስት ስምንት። የጎረቤቴ እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

ሦስተኛው ያንኑ ሲል ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። በአራተኛው ጎረቤቴ አመድ መስሎ ነበር። አምስተኛዋ ረጅሟ ልጅ ናት፤ ነጥቧን ሳታጓድል ያንኑ ደገመችው።

«ሥራ ማለት እንዲህ ነው» አሉ ኃላፊው። «አምስት ቡድን፣ አንድም ስህተት የለ። እኔ እውነቱን ለመናገር ይሄን አልጠበቅኩም። ይቀጥል።» ብዕራቸውንም አወጡ።

እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጎረቤቴ ግን ተነሳ።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቃት» አለና ወደ ረጅሟ ዞረ። «መጀመሪያ ስታስኬዱት ስንት ነበር የወጣላችሁ?»

ልጅቷ ጓደኞቿን አየች። «አርባ አራት ምናምን። ከዚያ ደግሞ አምሳ አንድ። እየተለዋወጠ አስቸገረን መምህር። እሱ» አለች ወደ መጀመሪያው ልጅ እያመለከተች፣ «ከክፍሉ አንደኛ ስለሆነ ትክክሉ የእሱ ነው ብለን፣ ሁላችንም ኮምፒዩተሩ ለእሱ የጣለለትን ዕጣ ወስደን፣ ፕሮግራማችንን ከእሱ ጋር እስኪገጥም አስተካከልነው። እንቅልፍ አጥተንበታል።»

የሚያሳፍር ነገር የተናገረች አልመሰላትም። አመስግኑኝ የሚል ፊት ነበር ፊቷ።

«አንተስ?» አለው አንደኛውን። «ስንት ጊዜ አስኬድከው?»

«አንዴ» አለ ልጁ። «ወጣልኝ እኮ።»

ኃላፊው ብዕራቸውን እንደያዙ፣ «ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ተስማምተዋል» አሉ።

«ተኮራረጁ እንጂ አልተስማሙም» አለ ጎረቤቴ። «ዕጣ በየቤቱ ተጥሎ ሁሉም ቤት አንድ ቁጥር አይወጣም። ይሄ ምርምር አይደለም።»

ኃላፊው ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ራስህ አይደለም ካልክ፣ እኔ ነው ልበል?» አሉና ብዕራቸውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱት። ስለ እኔ ምስክርነት የጠየቀም አልነበረም።

በመንገድ ላይ አላስቻለኝም። «ዝም ብትል ምን ነበረበት? ኮርሱ ይቀጥልልህ ነበር» አልኩት።

«አዎ» አለ። «የሚቀጥለውም ይሄው ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ፊት ነሱት። ውጤታቸውን አውርዶባቸዋላ። እናቱ እንደነገሩኝ ሁለቱ አቤቱታ አስገብተዋል፤ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ሲያዩት መንገድ የሚቀይሩም አሉ። እሱም ደረጃውን ሲወጣ ማውራት ተወ።

የሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራም ሲወጣ ኮርሱ አልነበረበትም። በቦታው ድሮ ያስተምረው የነበረውን፣ የምርጫ ፈተና ያለውን ኮርስ መልሰው ሰጡት።

አንድ ቅዳሜ ከእናቱ ጋር ሳሎናቸው ቁጭ ብለን ሹራብ ስንተረትር በሩ ተንኳኳ። ረጅሟ ናት፣ ላፕቶፗን ታቅፋ። እሱ ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ቆልሎ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» እያየ ያርማል።

«መምህር፣ ከባዶ ጻፍኩት እንደገና» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ብቻዬን ነው። ሺህ ጊዜ አስኬድኩት።»

ስክሪኑን አዞረችለት። ቁጥሮቹ ተደርድረው፣ ከታች ደግሞ እንደ ኮረብታ መሐሉ ያበጠ ሥዕል አለ።

«አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ሦስተኛ ፎቅም ያን ያህል አይሻልም፤ ጠዋት ጠዋት ሌላ ነው፣ ማታ ሌላ።»

ጎረቤቴ ወንበሩን ሳበ። ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ጣቱን በኮረብታው ጠርዝ አስኬደ። እናቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ ያን የድሮ ዓይኑን አይተውታል። ግን ብዙ አልቆየም። ወደ ወረቀቱ ቁልል ዞረና፣ በሽተኛ እንደሚያጽናና ሰው፣ «ጥሩ ነው» አላት።

ልጅቷ አልወጣችም። በሺህ የሚቆጠረውን ቁጥር በጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች ታመላልሳለች።

«እና መምህር» አለች፣ «ከነዚህ ውስጥ የቱን ነው የማስረክበው?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«ለማን?» አላት።