የማዶው ልዑክ

የዓለም አቀፍ ግንኙነት መምህሩ ዕጣውን በኮፍያው ውስጥ አድርጎ ሲያዞር፣ ለልጅቷ የደረሳት ከድንበሩ ማዶ ያለውን አገር መወከል ነበር። ሁለተኛ ዓመት ነች፤ ጠዋት ሶሲዮሎጂ፣ ከሰዓት ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትማራለች። የዘንድሮው የድርድር ልምምድ ስለ ድንበሩ ነው። ድንበሩ በድንገት ሲዘጋ ታላቅ ወንድሟ በከባድ መኪናው ሲሚንቶ ጭኖ ማዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

“ላስቀይርልሽ?” አላት ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ። ለሁሉም ነገር እንቢ ስለሚል ክፍሉ “ቬቶ” ይለዋል።

“አንተ ደግሞ፣ ዛሬ ምን ነክቶህ ነው የተባበርከው?”

“ለዛሬ ብቻ ነው። እንዳትለምጂው።”

ሳቀች፤ ግን አልቀየረችም። ለአንድ ከሰዓት እንኳ ወንድሟ የት እንዳለ የሚያውቀው ወገን መሆን ፈልጋ ነበር።

የልምምዱ ሕግ ጥብቅ ነው። ልዑክ “እኔ” አይልም፣ “መንግሥቴ” ይላል። ድርድሩ ከተቋረጠ ደግሞ አንድ ነገር ሰጥቶ ማስቀጠል ያስፈልጋል። መምህሩ ብዙ ነጥብ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

እቤት የሚያለማምዳት ስታጣ እናቷን ከጠረጴዛው ባሻገር አስቀመጠቻት። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች፤ ሜትሩን ከአንገቷ አላወረደችም።

“ምን ልበል?”

“የኛን አገር ሆነሽ ጠይቂኝ። እርስዎ እያልሽ ደግሞ።”

“ወልጄ አሳድጌ እርስዎ ልበልሽ? ጉድ ነው ዘንድሮ።” ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች። “ክብርት ልዑክ፣ ልጄ የት ነው?” አለች።

ልጅቷ የጠበቀችው የቀረጥ ጥያቄ ነበር።

“መንግሥቴ በጉዳዩ ላይ መረጃ የለውም።”

“መኪናውስ? ያን የሚያህል መኪና በምን ይጠፋል?”

“መንግሥቴ በማጣራት ላይ ነው።”

እናቷ አቀረቀረች። ድርድሩ ተቋረጠ። ልጅቷ እንደተማረችው አደረገች፤ አንድ ነገር ሰጠች።

“መንግሥቴ ልጅዎ እኛ ዘንድ መሆኑን ያረጋግጣል።”

“ደህና ነው?”

“ደህና ነው።”

“እግዜር ይስጥልኝ” አለች እናቷ፤ ተነሥታም ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ማንጎራጎር ጀመረች። ልጅቷ ይህን ድምፅ ረስታው ነበር።

ልምምዱ ክፍል ውስጥ በአንድ ከሰዓት ተጠናቀቀ። ቬቶ አንቀጹን ሁሉ እንቢ አለ፤ መምህሩ ልጅቷን አመሰገናት። እቤት ግን ነገሩ ቀጠለ። ከትምህርት ስትመለስ እናቷ ጠረጴዛው ጋ ትጠብቃታለች።

“ክብርት ልዑክ፣ ይበላል?”

“ይበላል።”

ሌላ ቀን፣ “የሚያመው ጥርስ ነበረው” አለቻት። ተነቅሏል፣ አለች ልጅቷ። እየቆየ መልሱ ሳታስብ ይመጣላት ጀመር፤ ወንድሟ የተኛበት ክፍል ጠባብ መስኮት፣ ከጎኑ የሚያንኮራፋው ሽማግሌ፣ የግድግዳው እርጥበት። አንድ ቀን ከሰዓት እያወራች ሳለ ሳል ያዛት። የሷ ሳል አልነበረም። ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር፣ የወንድሟ ሳል ነበር።

እናቷ ቀና አለች። “እሱ ነው?”

ልጅቷ ፈራች። “እማዬ፣ ይብቃን። እኔ እኮ ነኝ። የማውቀው ነገር የለም።”

“አንቺን አላናገርኩም” አለች እናቷ፣ ሳትቆጣ። “ልዑኳን ጥሪልኝ።”

ልጅቷ ወደ መኝታ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እውነቱን ልጇ ሆና ብትነግራት እንደማትሰማት ገባት። ለድርድሩ የለበሰችውን ኮት ደረበች፣ ቁልፎቹን ሁሉ ቆለፈች፣ ተመልሳ ቦታዋን ያዘች።

“መንግሥቴ ይቅርታ ይጠይቃል። ልጅዎ እኛ ዘንድ የለም።”

“የለም?”

“የለም።”

ለቅሶውን ጠበቀች። እናቷ ግን ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ፣ ቀስ ብላ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“ትናንት ነበረ” አለች። “ዛሬ ከሌለ እንግዲህ ለቃችሁታል ማለት ነው። መንገድ ላይ ነው።”

ይህን ብላ እናቷ ወጣች። የግቢው በር ሲከፈት ተሰማ።

“ክብርት ልዑክ” ብላ ከውጭ ተጣራች፣ ለእንግዳ በሚሆን ትሕትና። “በየት በኩል ነው የሚመጣው?”

ልጅቷ ተነሥታ ወጣች። ከእናቷ ጎን ቆመች፤ እጇን አንሥታም አቅጣጫውን አሳየቻት።