ጀርባዋ ላይ ስፌት ያላት ዝይ

ኧረ ስሙኝማ፣ ሳይበርድልኝ ልንገራችሁ። ሹራቤ በክር ተሸፍኗል፣ ፀጉሬ ውስጥ ሳይቀር ክር አለ፤ ግን ዛሬ እኔ ዝይ ሰፋሁ። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ መንጋ ነው የሰፋሁት። ከመስፋቴ በፊት ደግሞ ሁሉንም አበላሽቻቸው ነበር። ቆይ፣ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እህቴ ልትወልድ ነው፤ ዛሬ ነገ እየተባለ ነው። ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። አክስቴ፣ የአባቴ እህት ማለቴ ነው፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለሚወለደው ልጅ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም ብርድ ልብስ እሰፋለሁ አለች። ይቺን አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ ሚሊሜትር ነው የሚላት። ፊቷ ላይ የሚላት የለም፣ ግን ታውቃለች፤ እንዲያውም ደስ ሳይላት አይቀርም። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው ገበያ የምትወጣው። አንዴ አባቴን ቁጭ ባለበት አየት አድርጋው ግራ ትከሻህ ዝቅ ብሏል ብትለው፣ ሰውዬው ስንት ቀን መስታወት ፊት ሲገተር ከረመ።

ብርድ ልብሱ ላይ ዝዮች ይበራሉ። ዓይንና እግር ያላት ዝይ አይደለችም፤ ሦስት ማዕዘን ናት። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ጠቆር ያለ ሦስት ማዕዘን፣ እሷ ዝይዋ ናት፤ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ነጣ ያሉ፣ እነሱ ሰማዩ ናቸው። አለቀ። ግን አንዷን ከአንዷ ኋላ ስትደረድሯቸው፣ በቃ ይበራሉ፣ እውነቴን ነው፣ ሰልፍ ይዘው ሲሄዱ ታያላችሁ። አክስቴ ናሙና ብላ የሰፋቻትን አንዷን ስታሳየኝ የሱቁ ወንበር ላይ ወጥቼ ነው የጨፈርኩት። ውረጂ፣ ደንበኛ ይቀመጥበታል አለችኝ።

ሰማዩ የአባቴ ያረጁ ሸሚዞች ናቸው። አንዱ እንኳ ብዙም አላረጀም፤ አሁንም እየፈለገው ነው፣ እንዳትነግሩት። ችግሩ ዝዮቹ ነበሩ። እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ የአያቴ ቀሚስ አለ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ትንንሽ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት፤ ዝይ ለመሆን የተፈጠረ ጨርቅ ማለት እሱ ነው። አያቴ ከሞተች ጀምሮ እማዬ ላስቲክ አልብሳ ነው ያስቀመጠችው። አትለብሰውም፣ አታወጣውም፤ አንዳንዴ ብቻ ቁም ሳጥኑን ትከፍትና ቆም ትላለች። እኔ ነኝ የለመንኳት። ልብስ ስታጥብ ለመንኳት፣ ሽንኩርት ስትልጥ ለመንኳት፣ ገላዋን ስትታጠብ ሳይቀር በር ስር ተንበርክኬ ለመንኳት። ትናንት ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ ቀሚሱን ጥቅልል አድርጋ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"ከእሷ የቀረኝ ይሄ ነው" አለችኝ። "ከባከነ እኔና አንቺ አንተዋወቅም።"

ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። እማዬ ስትጮህ አልፈራም፤ ዝግ ስትል ነው የምፈራው።

እና ዛሬ ትምህርት ስለሌለ ከጠዋት ጀምሮ አክስቴ ሱቅ ነኝ። ሱቁ ጠባብ ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ካውያ፣ አንድ የደንበኛ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ያላለቁ ኮቶች። ቀሚሱን አክስቴ ራሷ ተረተረችው፣ ራሷ ለካችው፣ ራሷ ቆረጠችው፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ ከማየት በቀር ምንም። ቁራጮቹን ስትጨርስ ግን ከመኪናው ተነስታ ወንበሩን በእግሯ ወደኔ ገፋ አደረገችው። ሰማችሁ? መኪናዋን! ማንም ነክቶት የማያውቀውን መኪና! እህቴ ዕድሜ ልኳን ለምና ቁልፍ እንኳ እንድትተክልበት አልተፈቀደላትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝይዋ የምትወጣው ስፋቱ የቁመቱ እጥፍ ከሆነ ቁራጭ ነው። አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ካሬ የሸሚዝ ጨርቅ በግልባጩ ትለጥፉበታላችሁ፣ ካሬው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ መስመር ታሰምራላችሁ፣ መስመሩን ይዛችሁ ትሰፋላችሁ። ከዚያ ከስፌቱ ውጪ ያለውን ጥግ ትንሽ ጠርዝ አስተርፋችሁ ቆርጣችሁ ትጥሉና ካሬውን ገልበጥ፤ ሰማይ። በሌላኛውም ጥግ እንደዚያው፤ ዝይ። አክስቴ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ነገረችኝ። መቀስ ከማንሳትሽ በፊት አውራ ጣትሽን ዝይዋ ሆድ ላይ አድርጊ፤ ጣትሽ ያለበትን ወገን አትቁረጪ። እሺ አልኳት። እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው ብዬ እንዲያውም ስቄያለሁ።

ከዚያ የአንድ ደንበኛ ኮት ቁልፍ ጎድሎት አክስቴ ወደ ቁልፍ ሻጩ ወጣች። ልክ ስትወጣ እህቴ እያለከለከች ገባች፤ የልጄን ብርድ ልብስ ሳላይ አልወልድም ብላ የደንበኛው ወንበር ላይ ተዘረጋች። እኔማ ማን ያቁመኝ! አንዱን ሰፍቼ ክሩን ሳልቆርጥ ሌላውን ከኋላው እሰደዋለሁ፣ ሌላውን ከኋላው፣ ትር ትር ትር ትር። ስጨርስ ሁሉም በክር ተያይዘው እንደ ባንዲራ ተንጠለጠሉ። አንገቴ ላይ እንደ ሐብል አጥልቄ ለእህቴ ትርኢት አሳየኋት። እሷ ብስኩቷን እያኘከች፣ አንቺ ቅብጥብጥ፣ ልጄ አንቺን ከመሰለ ሆዴ ውስጥ ይቆይ አለች። እየተሳሳቅን መቀሱን አነሳሁ። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። አውራ ጣቴ የት ነበር? እግዜር ይወቀው፤ ብስኩት ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ሁሉንም ቆርጬ ጨረስኩና አንዱን ገለበጥኩ።

ሰማይ የለም። ዝይዋ ጥጓ ተገምሶ፣ ምንም ሳይሰፋባት፣ ራቁቷን ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች። ስፌቱ ያለው እጥላለሁ ባልኩት ጥግ ላይ ነው። ሁለተኛውን ገለበጥኩ፣ እሱም። ሦስተኛውን፣ እሱም። ከስፌቱ በተሳሳተው ወገን፣ አንዱንም ሳልምር፣ የአያቴን ቀሚስ ቆርጬዋለሁ።

ኡኡ አልኩ። እህቴ መጀመሪያ ያሾፍኩ መስሏት ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ብስኩቱን አስቀመጠች። ሌላ ጨርቅ እንግዛ አለች፣ የሚመሳሰል አይጠፋም አለች። እማዬ ያንን ነጠብጣብ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ እንደምትለየው ሁለታችንም እናውቃለን። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ እንደምትመጣም እናውቃለን። እኔ መሬት ቁጭ ብዬ እንባዬን በሸሚዝ ካሬ መጥረግ ጀመርኩ።

እህቴ ደግሞ ሲጨንቃት እጇ ዝም አይልም። የቆረጥኳቸውን ጥጎች፣ እነዚያን ግማሽ ቀሚስ ግማሽ ሸሚዝ የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች፣ እየገለበጠች ሆዷ ላይ መደርደር ያዘች። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገች፣ ቢራቢሮ መሰለ። አዞረቻቸው፣ ሌላ ነገር መሰለ። በመሀል ልጁ ሲራገጥ ሆዷ ዘለለ፤ አንዱ ካሬ ተንሸራቶ ዞሮ ሄዶ ከጓደኛው ጋር ገጠመ።

እኔ ከመሬት ሆኜ ነው ያየሁት። ሰማያዊው ከሰማያዊው ጋር መሀል ላይ ተገናኝቷል። ነጩ ግራና ቀኝ ወጥቷል።

"እንዳትተነፍሺ" አልኳት።

"ሳልተነፍስ ልውለድልሽ?"

"ዝይ ናት" አልኳት። "ሆድሽ ላይ ዝይ አለች።"

ተነስቼ የአክስቴን ናሙና ከመስቀያው ነጠቅኩ። ሁለቱን ካሬዎች መሀላቸውን ሰፍቼ፣ በካውያ ተጭኜ፣ ናሙናዋ ላይ አስተኛኋት። ልክ! ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ከመንቁር እስከ ክንፍ፣ አንዷ የሌላዋ ጥላ ይመስል! ልዩነቷ አንድ ነው፤ ጀርባዋ ላይ መሀል ለመሀል ስፌት አላት።

ግን ከአንድ ቁራጭ አንድ ጥግ ብቻ ስለሆነ የወጣው፣ እንደዚህ ሁለት ሁለት ካጣመርኳቸው መንጋዬ በግማሽ ይቀንሳል። እንደገና ጨነቀኝ። ገላዋ የተገመሰችውን ዝይ እያገላበጥኩ ሳያት ሳያት፣ ወዲያ ማዶ በሰያፍ ያለው ጥጓ እኮ ምንም አልሆነም። እዚያ ላይ ሌላ የሸሚዝ ካሬ ለጠፍኩ፣ በሰያፍ ሰፋሁ፣ ከዚያ ያንኑ ስህተት ሆን ብዬ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ደገምኩት። ቅጭ። ሌላ ካሬ ወጣ! ከአንዱ ቁራጭ ሁለት ካሬ፣ ከሁለት ካሬ አንድ ዝይ። አንዷም አልሞተችም! እህቴን አቅፌ ልዘል ስል ሆዷ አስቸገረኝ፤ ወንበሩን አቅፌ ዘለልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። እሰፋለሁ፣ እህቴ ካውያ ትጫናለች፣ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትገጥማለች። አክስቴ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ሰልፍ ይዘው ጠበቋት።

የገዛችውን ቁልፍ አስቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ አንዷን አንስታ በጀርባዋ ገለበጠቻት። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ለካች። ሌላ አንስታ ለካች። እኔ ሳልጠየቅ ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ስፌቱ መንቁሯ ጋ ወፈር ብሏል፣ ሁለቱን ጠርዝ ወደየጎኑ ከፍተሽ ተጫኚው አለችኝ። በቃ! ይቺ ናት የሚሊሜትር ምርቃት። ቀጥላ ግን ቀሚሱ የእኔ አይደለም፣ ፍርዱ የእናትሽ ነው አለች።

እማዬ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ ገባች። ማንንም በደንብ ሰላም ሳትል ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጎንበስ አለች። አንዷን ዝይ በጣቷ ዳሰሰቻት፣ ነጠብጣቡን እያለፈች፣ እያለፈች፣ መሀል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው? ጨርቁ ለምን ተቀጠለ?"

እህቴ ልትዋሽልኝ አፏን ስትከፍት አየኋት። ቀደምኳት። በተሳሳተው ወገን ቆረጥኩት አልኩ፣ ሁሉንም ቆረጥኩት አልኩ፣ ከዚያ ጥጎቹን ገጣጥሜ መለስኳቸው አልኩ። እማዬ ዝግ ባለ ድምፅ፣ የተረፈውስ ወዴት አለ አለችኝ። ያ ዝግታ! ከቁራጮቹ መሀል የቀሩትን ሰያፍ ቀጫጭን ቁርጥራጮች ከጠረጴዛው ስር ካለው ቅርጫት አውጥቼ ሰጠኋት። አንዷንም አልጣልኩም ነበር። የመኪናው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው።

"እታለም" አለቻት አክስቴ፣ "ከዚህ ውስጥ የባከነ የለም። እኔ ለክቼዋለሁ።"

እማዬ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ምን እንዳደረገች ታምናላችሁ? ቦርሳዋን ከፈተችና በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሁለት እጅጌ። የቀሚሱ እጅጌዎች! እኛ እኮ ላስቲክ ውስጥ ተጣጥፎ ስለኖረ ድሮውኑ እጅጌ የሌለው ቀሚስ መስሎን ነበር። ለካ ትናንት ከመስጠቷ በፊት ተርትራ አውጥታ ደብቃብን ኖሯል፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ቦታ ይዛቸው ውላለች።

"ካበላሻችሁት እነዚህ እንኳ ይቀሩኛል ብዬ ነው" አለች። ትንሽ አፈር አለች።

እህቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ ኧረ እማዬ፣ በዚህ ሆዴ አታስቂኝ ብላ ወንበሩ ላይ ተንከባለለች። አክስቴ እንኳ ሳቀች፤ ሚሊሜትር ስትስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር።

እማዬ እጅጌዎቹን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና መዳፌን በእጇ ከደነችው።

"እነዚህንም ጨምሪያቸው" አለችኝ። "እንደዚያው አድርጊያቸው፣ ስፌቱ ጀርባቸው ላይ ይሁን።"

ለአክስቴ አይደለም የሰጠችው እኮ፤ ለእኔ ነው! የእጅጌው ጫፍ ላይ አያቴ እጥፍ ያደረገችው ጠርዝ አሁንም አለ፤ እሱን ቀስ ብዬ በመርፌ ጫፍ መፍታት አለብኝ፣ ጨርቁ እንዳይሳብብኝ። አክስቴ እየጠራችኝ ነው። ካውያው ሞቋል፣ ልሂድ።