ያልተነካው ግማሽ

ጋሽ ያደሳ ደክሟቸዋል። ይህን ራሳቸውም አይክዱም። ወገባቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ አብሯቸው አጎንብሶ የሚያርም የለም። ከአየር ጤና ወደ ወንዙ ሲወርዱ በፎቅ ቤቶችና በጋራዦች መሀል ተጣብቃ የቀረችው የበቆሎ ማሳቸው ግን የማንንም ድካም አትቆጥርም። ክረምት በገባ ቁጥር ከበቆሎው እኩል መጩንና ሙጃውን፣ አረሙን ሁሉ ታበቅላለች።

ልጃቸው ሌሊሴ ዘነበወርቅ ነው የምትኖረው። ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ማታ ማታ የታክሲ ሰልፍ አለ። እንዲያም ሆኖ ክረምት ክረምት እሁድን ከቸርች እንደወጣች እየመጣች ከአባቷ ጋር ስታርም ኖራለች። ዘንድሮ ግንቦት ላይ መጥታ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ከዚህ በኋላ አልችልም። እኔም ሰው ነኝ፣ ደከመኝ። ዝራው፣ አልከለክልህም። ግን አረሙ ካሸነፈህ ለጋራዡ ሰውዬ እንሰጠዋለን፤ መኪና ያቁምበት። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አሉ። ምን ይበሉ? ልጅቷ እውነቷን ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ሆድ ባሳቸው። ከአባታቸው ማሳ የተረፈችው ይህቺው ናት። እሷ ላይ የተበላሸ ሲኖትራክ ተገትሮባት እያዩ በዚያ በኩል ማለፍ ምኑን ኑሮ ሆነ!

በማግስቱ ወደ ጀይሉ ሄዱ። ጀይሉ አየር ጤና ላይ ዘርና የእርሻ መድኃኒት ይሸጣል፤ ሱቁ የአባቱ ነበር፤ ጋሽ ያደሳን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ነገሩን ሲሰማ ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አወረደ።

«ይሄ የበቀለ አረም ላይ የሚረጭ አይደለም ጋሼ፤ አፈር ላይ ነው። ከዘሩ በኋላ፣ በቆሎው ብቅ ሳይል፣ አፈሩ እርጥብ እያለ ይረጫል። ከላይ ስስ ሆኖ ይተኛል። የአረሙ ዘር ልብቀል ሲል እዚያው ያገኘዋል።»

«በቆሎውስ?»

«በቆሎውን አይጎዳውም፤ መርዙን በቆሎው ውስጡ ያከሽፈዋል። ጎመንና ቦሎቄ ግን አብረው እንዳይዘሩ፤ እነሱን አይምራቸውም። ደግሞ አደራ፣ ከተረጨ በኋላ አፈሩን አይንኩት። መቆፈር የለም፣ መኮትኮት የለም። ከገለበጡት ከሥር ያለው ዘር ወደ ላይ ይወጣና ልፋታችን ሁሉ ገደል ይገባል።»

«ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«አዎ፣ ይረፉበታ።» ጀይሉ ሳቀ። ጋሽ ያደሳ አልሳቁም።

በቆሎው በተዘራ ማግስት ጀይሉ ራሱ መጣ። ጓንቱን አጥልቆ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ማሳዋን ከዳር እስከ ዳር ረጨላቸውና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጉድ ነው። በቆሎው በመስመር በመስመሩ ብቅ አለ፤ በመስመሩ መሀል ምንም የለም። ባዶ አፈር! ጋሽ ያደሳ ጠዋት ጠዋት ወጥተው ያያሉ። ደስ ሊላቸው ሲገባ ቅር ቅር ይላቸዋል። ማሳዋን ዞረው መንገዱ ዳር ያለው ድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ይነሳሉ፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ሐምሌ ላይ ጥፍራቸው ንጹህ ሆኖ አያውቅም። ሥራ ሲደክማቸው የኖሩት ሰውዬ አሁን ደግሞ መቀመጡ አደከማቸው።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጌታቸው ወደ ጸሎት ሲሄድ መንገዱ ዳር ቆመና ማሳዋን አያት።

«ያደሳ፣ ምነው ተውካት? ጉልበት ደርሷል እኮ፤ አፈሩም ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። ሽልሻሎ የለም እንዴ ዘንድሮ? ወይስ በቃህ?»

ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ተናግሮ መንገዱን ቀጠለ። ቃሉ ግን ጋሽ ያደሳ ላይ ተጣብቆ ቀረ። በቃህ? ሽልሻሎ ማለት በቆሎው ጉልበት ሲደርስ በመስመሩ መሀል በሬ አስገብቶ፣ በሬ ከሌለም በዶማ አፈሩን ማላላት ነው። እሳቸው ባደጉበት ሰፈር ይህን ያላደረገ ገበሬ ወይ ታሟል ወይ ሞቷል።

የጀይሉን አደራ አልረሱትም። «እሱ ያለው እስኪበቅል ነው» ብለው ለራሳቸው ነገሩት፤ «ይኸው በቅሏል፣ አድጓልም።» ሰው የፈለገውን ለመስማት ሲነሳ ማን ይመልሰዋል? ዶማቸውን ከጓዳ አወጡ። ሌላ ጊዜ ከወንዙ ዳር ጀምረው ወደ መንገዱ ነበር የሚመጡት፤ የራቀውን ቀድሞ መገላገል ይወዳሉ። ዘንድሮ ግን ከመንገዱ ጀመሩ። ጌታቸው ሲመለስ እንዲያያቸው ብለው ነው፣ ሌላ ምን አለ!

አፈሩ ሲፈረከስና ሽታው ሲመጣ እንዴት ደስ አላቸው። መዳፋቸው ውሃ ቋጠረ፤ ጉዳያቸውም አልሆነ። እየኮተኮቱ እየኮተኮቱ ማሳዋ መሀል ሲደርሱ ወገባቸው ቀጥ አድርጎ ያዛቸው። ዶማውን እዚያው እንደተተከለ ትተው፣ አጥሩን እየተደገፉ ቤታቸው ገቡና ወደቁ። ከዚያ ዝናቡ ሳያባራ ሁለት ሦስት ሳምንት ሰነበተ። ጌታቸው ሾርባ እያመላለሰ ጠየቃቸው። ሌሊሴ ስትደውል ግን «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» እያሉ ሸነገሏት።

ይለቀኛል ያሉት አልለቅ ሲል እሁድ ከቸርች በቀጥታ መጣች። እስከዚያ ሻል ብሏቸው ነበርና ክንዳቸውን ይዛ አብረው ወደ ማሳዋ ወረዱ። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ።

ከመንገዱ እስከ መሀል በቆሎው በመጭና በሙጃ ታንቋል። ከመሀል እስከ ወንዙ ግን ማሳዋ እንደ ተጠረገ ግቢ ንጹህ ናት።

«አባዬ» አለች ሌሊሴ፣ «ከወንዙ ጀምረህ ያን ሁሉ ብቻህን አረምከው? በዚህ ወገብህ?» መዳፋቸውን ገልብጣ አየችው። የቁስሉ ምልክት ገና አልጠፋም።

ጋሽ ያደሳ ዶማቸውን እያዩ ነበር። መሀል ላይ እንደተተከለ ቆሟል፤ ከዶማው ወዲህ አረም፣ ከዶማው ወዲያ ምንም። ጀይሉ ያለው ያን ጊዜ ገባቸው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«አየህ፣ ጀይሉ ረጨልኝ ያልከኝ መድኃኒት ዋጋ የለውም» አለች። «የዳነው እጅህ የደረሰበት ነው። ያልደረስክበት ይኸው አረም በላው። አንተ ጎበዝ ነህ አባዬ፤ ማንም እንዲህ አያደርግም። ግን ለዚህች መሬት ብዬ አልቀብርህም። በቃ፣ ለሰውዬው እንስጠው።»

ሰው ጎበዝ ካላቸው ስንት ዘመናቸው! ቃሉ ጣፈጣቸው፤ ለምን ይዋሻል። ዝም ቢሉ በዚህ ወገባቸው ግማሹን ማሳ በእጃቸው ያዳኑ ሰው ሆነው ይቀራሉ፤ ሌሊሴም ለልጆቿ ታወራላቸዋለች። ማሳዋ ግን መኪና ይቆምባታል።

«ሌሊሴ።»

«ወዬ አባዬ።»

«ንጹሁን አልነካሁትም።»

ዘወር ብላ አየቻቸው።

«የነካሁት ይሄኛውን ነው፤ አረም የበላውን። ወገቤ የያዘኝ ያ ዶማ ያለበት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። ጀይሉ አይንኩት ብሎኝ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

ሌሊሴ ማሳዋን አየች፣ ዶማውን አየች፣ እሳቸውን አየች። ልትቆጣም አልቻለች፣ ልትስቅም አልቻለች።

«ታዲያ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ኖሮ…»

«አዎ» አሉ። «ብቀመጥ ኖሮ ሁሉም እንደዚያኛው ነበር።»

ጫማዋን አውልቃ በአረሙ መሀል ገባች። ዶማውን ነቅላ፣ ጭቃውን በቅጠል ጠርጋ፣ ይዛው ተመለሰች።

«ይሄን ቤት ላስገባልህ?»

«አንቺ ዘንድ ይሁን። ዘነበወርቅ ይዘሽው ሂጂ። እዚህ ካለ አያስችለኝም።»

«ማሳውስ?»

«ከርሞ ጀይሉ ይረጨዋል። እኔ እዚህ እቀመጣለሁ።»

«እሺ፣ ለማንም አንሰጠውም» አለች። ዶማውን ድንጋዩ አጠገብ አስቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ አጎነበሰችና መጩን በእጇ መንቀል ጀመረች። ጋሽ ያደሳ ሳያስቡት ሊነሱ ብድግ አሉ።

«ተቀመጥ አባዬ» አለች ቀና ሳትል።

ተቀመጡ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ በመጨረሻ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።