ባሕር የገባው የጃቤዝ ቤት

ጃቤዝ ትሬሎር በርሜል ሠሪ ነው። በሙያው ወደባችን ላይ የሚስተካከለው የለም፤ በውሸት ግን ከእኔ ቀጥሎ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ለቀረችው እጮኛው ለዌና «ባለ ፎቅ ቤት ሠርቻለሁ፣ ነይ» ብሎ ላከባት። ፎቅ! ያኔ ባሕር ተሻግረን በሰው አገር የቆረቆርነው ሰፈራችን ማለት ድንኳን፣ የጭቃ ጎጆ፣ አንድ መጋዘንና ከሁላችንም የደላው አንድ አሳማ ነበር። ጃቤዝ ራሱ የሚያድረው በተገለበጠ ጀልባ ሥር ነው።

ዌናም ሞኝ አልነበረችም። «ቤቱን በሥዕል ካላየሁ መርከብ አልሳፈርም። አባቴ ሚስቱ ለሞተችበት ዳቦ ጋጋሪ ሊድረኝ ተነሥቷል፤ ቶሎ በል» ብላ መለሰችለት።

በዚህ ሁሉ ባሕር ዳርቻ ሥዕል የምትችለው የሹማችን የሚስተር ክራዶክ እህት፣ ሚስ ኦገስታ ብቻ ነች። ሹሙ የሰፈራውን ሥዕል ለንደን ላሉት ጌቶች ልከው አዲስ ሰው ሊያስመጡ አስበዋል። ወደቡ ላይ የቆመችው መርከብ ካፒቴን ደግሞ የጃቤዝ የአገሩ ልጅ ነውና፣ ሥዕሉን ለንደን ከማድረሱ በፊት ለዌና ሊያሳያት ቃል ገባ። የቀረው ቤቱ ብቻ ነው።

ጃቤዝ ባርኔጣውን አውልቆ ሄደ።

«ሚስ ኦገስታ፣ እባክዎ አንዲት ቤት ይጨምሩልኝ። ትንሽ ነች፤ ቦታ አትይዝም።»

«የት ነው ያለችው?»

«እ... በሐሳብ ደረጃ፣ ኮረብታው ላይ።»

«ያላየሁትን አልስልም» አለች። «ያየሁትን ደግሞ አንዲት መስመር አልቀንስም።»

እንባው እየወረደ ወደ እኔ መጣ። እኔ የወደቡ ጀልባ ቀዛፊ ነኝ፤ ሰው ምክር ሲያጣ ወደ እኔ ይመጣል፣ ምክሬን ሲሰማ ደግሞ ይሸሻል።

«ስማ አንተ ቂል» አልኩት። «የምትስለው መርከቧ ላይ ሆና ነው። ከባሕር ላይ ሲታይ ቤት ማለት ፊቱ ነው። ጀርባውን ማን አየው?»

«ሰው የሚኖረው ግን ከፊቱ ኋላ ነው እኮ።»

«ልትኖርበት ነው ወይስ ልታገባበት?»

ይኼ ገባው። አሮጌ የመርከብ ሸራ በረጃጅም እንጨቶች ወጥረን ኮረብታው ላይ አቆምነው። በርና መስኮቱን በጥላሸት ሣልን። ጃቤዝ «ባለቤት መምሰል አለብኝ» ብሎ ስላስቸገረኝ ፎቁ ላይ አንዱን መስኮት ቀደድንና መሰላል አስጠጋንለት። ከኋላ በርሜል ሰቅለን እርጥብ የባሕር ሣር አነደድንበት። እውነትና ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ እኛ ጭሱን አወጣን፣ እውነቱ ይቆየን አልን።

ጠዋት ሚስ ኦገስታን ቀዝፌ መርከቧ ላይ አደረስኳት። ወንበሯ ላይ ተደላድላ እርሳሷን ቀረጸችና ኮረብታውን አየች።

«ያ ቤት ትናንት አልነበረም።»

«በርሜል ሠሪ እጁ ፈጣን ነው፣ እመቤቴ። በሉ ከሱ ይጀምሩ!»

«እኔ የምጀምረው ከግራ ነው።»

ከግራ ያለው አሳማው ነው። ጳጳስ የምትስል ይመስል ጆሮውን ሠርታ፣ አፍርሳ፣ ደግማ ሠራችው። እኔ በውስጤ «ተነሥ አንተ እርጉም፣ ሂድ!» እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ጎኑን አዙሮ ሌላውን ጆሮ ይሰጣታል። ጃቤዝ መስኮቱ ላይ አንገቱን እንደ ሰጎን አቅንቶ ቆሟል። በመጨረሻ እርሳሷ ወደ ኮረብታው ዞረ። ነፋሱም አብሮ ዞረ።

ሸራ ምንጊዜም ሸራ ነው፤ የድሮ ሥራው ትዝ አለው። ቤቱ ተነሣ! ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ፣ ጃቤዝን መስኮቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ጭሱን እየጎተተ ቁልቁል መጣ። በመንገዱ የሹሙን ድንኳን ጠራርጎ ወሰደው። ሹሙ ገንዳ ውስጥ ገላቸውን እየታጠቡ ነበርና ከነሳሙናቸው ለዓለም ተገለጡ። የአገሩ ባለቤቶች ከአሸዋው ጉብታ ላይ ሲያዩን ነበር፤ አንድ አዛውንት በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኛ ከመጣን ወዲህ ያገኙት ጥቅም ይኼ ብቻ ነው ብል አላጋንንም።

ቤቱ ባሕር ገባ፤ ከእኔ ጀልባ በተሻለ ተንሳፈፈ። በመርከቧ አጠገብ ሲያልፍ ጃቤዝ ባርኔጣውን አነሣ።

«እንደምን አደሩ፣ ሚስ ኦገስታ!»

እሷ ቀና አላለችም። ትስላለች። ቤቱንም፣ ገንዳውንም፣ ወንድሟንም።

ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም መርከቧ ላይ ወጡ፤ ጃቤዝ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ሹሙ ባንዲራ አገልድመው።

«አጥፊው!» ጮኹ ሹሙ። «ይኼ ለንደን ሊሄድ ነው!»

«የእኔንም ያጥፉልኝ፣ በእናትዎ! ያ ዳቦ ጋጋሪ ሊወስዳት ነው!»

«እኔ መስመር አልቀንስም፤ እናንተስ በምን ልታጠፉት ነው?» አለች።

በዚያ ዘመን እርሳስ የሚጠፋው በለስላሳ ዳቦ ፍርፋሪ ነው። እኛ ደግሞ ለወራት የምንበላው ድንጋይ የመሰለ የመርከብ ብስኩት ነው፤ በሱ ቢፋቅ ወረቀቱ ይቀደዳል። ደግነቱ የካፒቴኑ ወጥ ቤት ከመጨረሻው ዱቄት አንዲት ዳቦ ጋግሮ ነበር። መጣች። ትኩስ ነች፤ ትጨሳለች። መርከበኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ፍርፋሪውን በጣታችሁ እሹት» አለች ሚስ ኦገስታ፣ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ሰጥታ።

ጃቤዝ አሸው። አሸተተው። ዓይኑ ተንከራተተ። «ልስላሴውን ልየው» አለና ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ የሚታሽ አልነበረም።

«አንተ ሆዳም! ሚስትህን በላሃት!» አሉ ሹሙ። ይህን ሲሉ ግን የሳቸውም አፍ ሙሉ ነበር።

ካፒቴኑ መልሕቁን አስነሣና ሥዕሉ እንዳለ ሄደ።

ለንደን ያሉት ጌቶች ለሹሙ ክዳን ያለው ገንዳ ላኩላቸው። ጃቤዝ ግን ምንም መልስ አልመጣለትም። ከሳ፤ የሚሠራው በርሜል ሁሉ ያፈስ ጀመር። በዓመቱ ከመጣችው መርከብ አንዲት ቀይ ፊት ልጅ ወርዳ ጀልባዬ ውስጥ ዘፍ አለች። ዌና ነች። ዳርቻው ላይ ጃቤዝ እንደ ካስማ ተተክሏል።

«ቤቱስ?» አለችው።

«ሰመጠ።»

«አይቻለሁ። አባቴ 'ይኼ እብድ ነው' አለ። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ሥዕሉን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀብህ። ያኔ ነው ሻንጣዬን ያሠርኩት። በአንተ መሳቅ የእኔ ሥራ ነው፤ እሱ ማን ነው?»

ጃቤዝ አለቀሰ፤ ሳቀ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ለማድረግ ሞክሮ አስነጠሰው። እሷም እስኪያበቃ ጠብቃ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«አሁን ንገረኝ። የሸራ ቤት የመከረህ ማነው?»

ጃቤዝ ጓደኛ ነው፤ ሰማይ ሰማዩን አየ። መላው ወደብ ግን ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። እኔ ያኔ መቅዘፊያዬን ጨብጬ ወደ ክፍት ባሕር እየወጣሁ ነበር።