የወጌሻ ይመር ግድግዳ

ኦልድ ካምፓላ ውስጥ፣ ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል ሲወረድ፣ ጨርቅ በጅምላ ከሚሸጥባቸው ሕንፃዎች በአንደኛው ወደ ሁለተኛው ፎቅ የሚወስድ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ሠላሳ ስምንት ነው። ሸረፈዲን ይመር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ አንድም ቀን ቆጥሮት አያውቅም ነበር። የቆጠረው እግሩ ከተሰበረ በኋላ፣ ከታች የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሰው መቼም የሚቆጥረው የፈራውን ነው። ሱቃቸው እላይ ነው፤ ሚስቱ ጀሊላም ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት።

በጥቅምት ዝናብ የተሳፈረበት ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሰፈሩ ካንሳንጋ ሊደርስ ሲል ተንሸራተተና የቀኝ ቅልጥሙ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሐኪም ቤት አስተካክለው ጀሶ አደረጉለት፤ በሦስት ወሩ ጀሶው ተፈታ። አጥንቱ ገጥሟል፣ ራጁም ይመሰክራል። ሸረፈዲን ግን አልተነሳም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የገዛ ቤቱን ወለል እንኳ እንደዚያ ቀን ጭቃ ይፈራው ጀመር። ሁለት ክራንች ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ሆነ ኑሮው። ምግብ ጠላ፣ ከሳ፣ ደም ግፊቱ ወጣ።

እንቅስቃሴ የምታሠራው ወጣት ዑጋንዳዊት አንድ ቀን መታገስ አቃታትና፣ በአገሯ ሽማግሌ በሚጠራበት ስም፣ «ሙዜ፣ እግርህ ድሮ ድኗል፤ ያልዳንከው አንተ ነህ» አለችው። ግፊቱም የመጣው ከፍርሃቱና ከመቀመጡ እንደሆነ ጨምራ ነገረችው። ሸረፈዲን ተቀየማት። የትናንት ልጅ ለወጌሻ ልጅ ስለ ቅልጥም ልታስተምር!

የኛ ሰው ደግሞ፣ አላህ ይስጠው፣ በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ ከሙዙና ከብርቱካኑ ጋር አንድ የሞተ ሰው ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው። ኃይለመስቀል ካንሳንጋ ላይ ምግብ ቤት ያለው ደግ ሰው ነው። ሶፋው ላይ ተደላድሎ፣ «የአክስቴም ባል እንዲሁ ነበር የጀመራቸው» አለ። ጀሊላ ዓይኗን ስላፈጠጠችበት የአክስቱ ባል አሁን የት እንዳሉ ሳይናገር ቀረ። የተረፈው ጠያቂ ሁሉ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለዋል። «እንቁላሉ ቅልጥሙ አልተሰበረ» ይላል ሸረፈዲን በሆዱ።

ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የሚያስበው አባቱን ነበር። ወጌሻ ይመር የወረባቦ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው ከቢስቲማ ገበያ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ዳገት ላይ። የተሰበረውን በሸምበቆ ያስራሉ፣ የወለቀውን በቅቤ አሽተው ይመልሳሉ። አጥንት መግጠም ግን ለሳቸው የሥራው ግማሽ ነበር። «አጥንቱንማ አላህ ይገጥመዋል፤ እኔ የምቸገረው በልቡ ነው» ይሉ ነበር።

ለልቡ ደግሞ ብልሃት ነበራቸው። ስብራቱ ሲገጥም ለሰውየው ቁመቱን የሚመጥን የወይራ ምርኩዝ ይቆርጡለታል። ሰውየው በየሰኞው፣ ገበያ ሲወጣ፣ ለመታየት ጎራ ይላል። እግሩን እያሹ ስለ ላሙ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ አማቱ ክፋት ሲያስለፈልፉት፣ ትልቁ ወንድማቸው ምርኩዙን ጓሮ ወስደው ከታች አንድ ጣት ያህል ይቆርጡለታል። ፍቅፋቂውን ጠርጎ እሳት ውስጥ የሚጨምረው ትንሹ ሸረፈዲን ነበር። «ትንፍሽ ብትል ጆሮህን ነው የምቆርጠው» ይሉታል አባቱ እየሳቁ። ምርኩዙ ባጠረ ቁጥር ሰውየው ሳይታወቀው ክብደቱን ለእግሩ ይመልሳል። በስምንተኛው ወይ በዘጠነኛው ሰኞ ምርኩዙን እንደ ጭራ እያወዛወዘ ዳገቱን ሲመጣ ይታያል።

ያን ቀን ወጌሻ ይመር ግድግዳቸው ላይ ችካል መትተው፣ «በል እንግዲህ፣ ስቀል» ይሉታል። ችካሉን ሆን ብለው ከፍ አድርገው ነው የሚመቱት፤ የዳነ ሰው በእግር ጣቱ ተንጠራርቶ በገዛ እጁ እንዲሰቅል። ሸረፈዲን ከአገር ሲወጣ ግድግዳው ላይ ሠላሳ አንድ ምርኩዝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ስትገባ ያበራሉ፤ የእያንዳንዱን ባለቤት በስሙ ያውቀው ነበር። አባቱ የሞቱት እሱ ካምፓላ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቤቱ ፈረሰ፤ ምርኩዞቹን ማን እንደወሰዳቸው የሚነግረው ሰው አላገኘም፤ ማገዶ ሆነው ይሆናል። አባቱን ባሰበ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣበት ፊታቸው ሳይሆን ያ ግድግዳ ነው። በዚህ ያፍራል፤ ቢያፍርም ናፍቆቱ አይለቀውም።

ይህን ሁሉ ለጀሊላ የነገራት በተጋቡ በመጀመሪያው ረመዳን፣ ካንሳንጋ አንዲት ክፍል ተከራይተው አዛን ሲጠብቁ ነበር። ጀሊላ የጅማ ልጅ ናት፤ አማቷን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። «አባትህ አታላይ ነበሩ በለኛ!» ብላ ስቃ ስቃ ተምሩን ከእጇ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ በየረመዳኑ ትደግመዋለች፤ «እስቲ የአታላዩን ንገረኝ»።

መጋቢት ሲገባ ሸረፈዲን ቁርጡን ነገራት።

«ጀሊላ፣ ሱቁን እንልቀቀው። አንቺም ብቻሽን አለቅሽ፤ እኔ ከእንግዲህ ሰው አልሆንም።»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩት ያን ሱቅ ነው። ልጃቸው ተስኒም የተማረችው በሱ ነው። 

«እስከ አረፋ ታገሠኝ» አለችው ጀሊላ። «እስከዚያ ደረጃውን ካልወጣኸው ራሴ ቁልፉን አስረክባለሁ። አንድ ነገር ግን እሺ በለኝ፤ ክራንቹን ተውና ምርኩዝ ላሠራልህ።»

ሸረፈዲን በንቀት ፈገግ አለ። «ገብቶኛል ያሰብሽው። ጀሊላ፣ እኔ እኮ ፍቅፋቂውን ስጠርግ ያደግሁ ሰው ነኝ። የአባቴ ብልሃት ለማያውቅ ነው የሚሠራው።»

«ማን ስለ ብልሃት አወራ? ምርኩዝ ነው ያልኩህ።»

አናጺው ከሙቩሌ እንጨት፣ እጀታው ቆልመም ያለ ምርኩዝ ሠራ፤ ከታች የክራንቹን ጎማ አለበሰው። እጀታው ልክ ከዳሌው አጥንት ላይ ያርፋል። ሸረፈዲን ሞኝ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ምርኩዙን በሩ ላይ አስደግፎ እጀታው ከቁልፉ ቀዳዳ እኩል መሆኑን ያያል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልክ ነበር። ከዚያ መፈተሹ ሰለቸው።

በየጁምዓው ታጥቦ፣ ጀለቢያውን ለብሶ፣ በታክሲ እስከ መስጊዱ ይሄድ ጀመር። ከሰላት በኋላ ጀሊላ ሱቁን እስክትዘጋ ከደረጃው ሥር፣ ዘበኛው ኦኬሎ ወንበሩን ይለቅለታል። ሠላሳ ስምንቱን ደረጃ እያየ ይቀመጣል። በመጀመሪያ ሰሞን ከታክሲው እስከ ወንበሩ ያላበው ነበር። በኋላ ላቡ ቀረ። ከዚያ ደግሞ ከኦኬሎ ጋር ፊት ለፊት ካለው ልጅ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ለመግዛት መንገድ ተሻገረ። ቂጣውን ከነእንቁላሉ በሁለት ጉርሻ ሲጨርሰው፣ ምግብ መጥላቱ ትዝም አላለው። ቤት ውስጥ የሚያስመርረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይሄ የዳቦ ቢላዋ ምን ነካው? ዳቦውን እኮ ፈረፈረው!» ይላል በየቁርሱ። ጀሊላ «አርጅቶ ነው» ትለዋለች።

ከአረፋ በፊት የነበረው የመጨረሻው ጁምዓ መጣ። ሸረፈዲን ከሰላት ተመልሶ ሊቀመጥ ሲል ኦኬሎ ምርኩዙን እያየ ሳቀ።

«ሙዜ፣ ምርኩዝህ እኮ አጭር ነው። የልጅ ልጅህን ነጥቀህ ነው የመጣኸው?»

«የምን አጭር?» አለ ሸረፈዲን። ቀጥ ብሎ ቆመና ምርኩዙን ከጎኑ መሬት ላይ አቆመው። ዳሌው ላይ ያርፍ የነበረው እጀታ ጭኑ መሐል ነው። ያጠረው ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ገልብጦ ጎማውን መዘዘ። እንጨቱ ነጭ ነው፤ አዲስ ቁርጥ፤ ጥርስ ያለው ስለት የሄደበት መስመር ሁሉ ይታያል። ዳቦው ትዝ አለው። እሱ ጠዋት ለጁምዓ ሲታጠብ፣ እሷ ወጥ ቤት ሆና ሬዲዮ ስታጮህ ትዝ አለው።

መጀመሪያ የመጣው ፍርሃት ነው። እስካሁን የቆምኩት በምንድን ነው? እጁ የወንበሩን መደገፊያ ፈለገ። ያን ጊዜ ቁጣ ባይደርስለት ኖሮ ተቀምጦ ይቀር ነበር። የወጌሻ ይመር ልጅ፣ በገዛ አባቱ ብልሃት፣ ያውም በዳቦ ቢላዋ! ምርኩዙን መሐሉ ላይ ጨብጦ ዞረ።

«ጀሊላ! አንቺ ሴትዮ!» ድምፁ ከሱ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ።

ጀሊላ ባንኮኒው ላይ ጨርቅ ስትለካ አገኛት። በሩ ላይ ቆሞ ወረደባት። «ሌባ! በነገርኩሽ! አምኜ በነገርኩሽ! ብወድቅስ ኖሮ? ሁለተኛ ቢሰበርስ?» ምርኩዙን እያወዛወዘ ነው የሚናገረው። እሷ ፊቱን አላየችም፤ እግሩን ነው የምታየው። መለኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ስንት ነው?» አለችው።

«ምኑ ነው ስንት?»

«ደረጃው።»

«ሠላሳ…» አለና ቆመ። አሁን ሲወጣ አልቆጠረውም ነበር። ዞሮ የመጣበትን ቁልቁል አየ፤ ከታች ኦኬሎ አፉን ከፍቶ ሽቅብ ያየዋል።

ጀሊላ በአገጯ ከባንኮኒው በላይ ያለውን ግድግዳ አሳየችው። ባዶ ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር ተመትቷል፤ ከፍ ብሎ። ሸረፈዲን ሱቁን በሰባት ወሩ ማየቱ ነው። ሚስማሩ አዲስ አይደለም፤ ዝናቡ ግድግዳውን ሲያረጥበው ከርሞ ዙሪያውን ቡናማ የዝገት ክብ ሠርቶበታል።

«ይሄን መቼ ነው የመታሽው?»

«ጀሶ ያደረጉልህ ቀን። አንተን ሐኪም ቤት አስተኝቼ ሱቁን ልዘጋ መጥቼ።»

«ያን ቀን እኮ ይሄዳል ያለሽ ሐኪም አልነበረም።»

«እኔስ መች ጠየቅኋቸው?» አለች ጀሊላ። ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። «ከፍ ብሎ ነው የሚመታው ብለኸኝ የለ? ሦስት ጥቅል ጨርቅ ደራርቤ እላዩ ላይ ቆሜ ነው የመታሁት። እኔም ወድቄ ነበር።»

ሸረፈዲን ሚስማሩን እያየ አለቀሰ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ወንድ ነኝ፣ ደንበኛ ይገባል ሳይል አለቀሰ። ሰባት ወር ሙሉ እሱ ሶፋው ላይ ሞቱን ሲጠብቅ፣ የአባቱ ግድግዳ እዚህ፣ ከራሱ ጨርቆች በላይ ሆኖ ሲጠብቀው ኖሯል።

ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ምርኩዙን በእጀታው ይዞ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። ጀሊላ ወንበር አላቀረበችለትም። ግራ እግሩን አስቀደመ፣ ከዚያ ቀኙንም ከተረከዙ አነሳው። ቅልጥሙ ውስጥ የቆየ ሕመም ጠዘጠዘው፤ ግን ያዘ። በሁለቱ እግሮቹ ጣቶች ቆሞ፣ ተንጠራርቶ፣ ሠላሳ ሁለተኛውን ምርኩዝ ሰቀለ።

ተረከዙን መሬት ሲያስነካ ዓይኑን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገና ወደ ጀሊላ ዞረ።

«ቆይ እሺ፣ ያን ቢላዋ ግን ለምን ታበላሺዋለሽ? መጋዝ ጠፍቶ ነው?»